ጃፓን ያጣችው ልጅ ነው ወይስ ትዳር?

አቅራቢ፦ ለዛሬው ክርክር የጃፓንን ጉዳይ አምጥቻለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2024 የተወለዱት ጃፓናውያን ሕፃናት 686 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። በ1949 የተወለዱት 2.7 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚሰላው የልጅ ቁጥር፣ የወሊድ መጠን የሚባለው፣ ወደ 1.15 ወርዷል፤ ከመቶው ሰው 29ኙ 65 ዓመት ሞልቶታል። መንግሥት ከ1994 ጀምሮ ዕቅድ በዕቅድ ላይ ሲደራርብ ቆይቶ በ2023 የሕፃናትና የቤተሰብ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ በዓመት 3.6 ትሪሊዮን የን ገደማ ለመጨመርም ወሰነ። ይህ ገንዘብ ቁልቁለቱን አይገታውም ባይ ነኝ። ጃፓን በሯን ለውጭ ሰው በሰፊው ትክፈት። የማይስማማ ይሞግተኝ።

መምህር ከደሴ፦ አልስማማም። ገንዘብ በቦታው ሲውል ፍሬ ያፈራል። በኦካያማ ግዛት ናጊ የምትባል፣ ነዋሪዎቿ ስድስት ሺህ እንኳ የማይሞሉ ትንሽ ከተማ አለች። በ2002 ሕዝቧ ከጎረቤት ከተሞች ጋር አንዋሃድም ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ብቻውን ለመዝለቅ ወጪውን ቆጥቦ ለልጆች አዋለው። ሕክምናቸው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ ድረስ ነጻ ሆነ፤ አረጋውያኑም ሕፃናት በመጠበቅ ወላጆችን አገዙ። በ2019 የወሊድ መጠኗ 2.95 ደረሰ። ይህ እያለ የሰው አገር ልጅ ለመጥራት ምን ያስቸኩላል?

ናጎያ ነዋሪ፦ መምህር፣ ናጊን አከብራታለሁ። ነገር ግን በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ጥቂት ቤተሰቦች ቢገቡ ቁጥሩ ይዘላል፤ መውለድ የወሰኑ ሰዎችም ኑሮ ወደሚቀልበት ይሄዳሉ። ወጣቱ በብዛት የሚጎርፈው ወደ ቶኪዮ ነው፤ የቶኪዮ መጠን ደግሞ በ2023 ከ1 በታች ወርዷል።

እዚህ ጃፓን አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ያገባ ሰው ይወልዳል። በ2021 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በትዳር የቆዩ ባልና ሚስት በአማካይ 1.90 ልጅ አላቸው። የጠፋው ትዳሩ ነው! በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ገደማ ከሆነ ወንዶች 28 በመቶው፣ ከሴቶቹ 18 በመቶ ያህሉ አግብተው አያውቁም። ከትዳር ውጭ የሚወለደው ልጅ ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሳያገባ የቀረ ሰው ሳይወልድ ይቀራል።

በምሠራበት ፋብሪካ አጠገቤ የሚቆም የ38 ዓመት ሰው አለ። ባለሙያ ነው፤ ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠራው እርሱ ነው። የተቀጠረው ግን በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው። አንድ ምሽት ባቡር ስንጠብቅ፣ «ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የልጅቷ አባት ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?» አለኝ። ለዚህ ሰው «ከወለድህ በኋላ እንከፍልሃለን» ማለት ግድግዳ ላላቆመ ሰው የጣሪያ ቆርቆሮ መስጠት ነው። ከ1971 እስከ 1974 በሁለተኛው የወሊድ ማዕበል የተወለደው ብዙ ሕዝብ ሥራ በሚፈልግበት በ1990ዎቹ ኢኮኖሚው ወደቀ፤ ኩባንያዎች ቋሚ ቅጥር ቀነሱ። ያ ትውልድ ቢያገባ ኖሮ ሦስተኛ የወሊድ ማዕበል ይመጣ ነበር። አልመጣም። ዛሬ ሃምሳውን አልፏል።

መምህር ከደሴ፦ ሥራ ማጣት ነው ካሉኝ ታሪኩን ይመልሱልኝ። በ1949 ጃፓን በጦርነት የተቃጠለች አገር ነበረች፤ ያን ሁሉ ልጅ የወለደችው በምን ሀብቷ ነው? የእኛ አባቶች «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ያሉት ድህነትን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያ አባባል ሁልጊዜ ያስቆጣኛል። ልጅ በዕድሉ አያድግም፤ በእናቱ ጉልበት ነው የሚያድገው። የ1949ኙ ማዕበልም ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወንዶች ያመጡት ነበር እንጂ አልቆየም፤ በ1957 መጠኑ ወደ 2 ወርዷል። ድሮ ልጅ የእርሻ እጅ ነበር፤ ጧሪ ቀባሪም ነበር። አሁን ጡረታውን መንግሥት ይከፍላል፤ የዛሬው ሕፃን ነገ የሚከፍለው መዋጮ የሁሉንም አረጋዊ ጡረታ ይሸፍናል፤ የማሳደጉ ወጪና ድካም ግን የወላጆቹ ብቻ ነው። ከወላጆቹም የበለጠው የእናቲቱ! በ2024 የበጀት ዓመት የልጅ ማሳደጊያ ፈቃድ የወሰዱት አባቶች 40 በመቶ ያህል ደርሰዋል፤ ጥሩ ነው፤ የብዙዎቹ ፈቃድ ግን አጭር ነው። ባልየው እስከ ሌሊት በቢሮ ከቆየ ሁለተኛውን ልጅ ማን ያስባል? እኔ ብሆን ከገንዘቡ በፊት የሥራ ሰዓቱን እቀንስ ነበር።

አስታማሚ ከሜሪላንድ፦ ሁላችሁም ስለሚወለደው ተናገራችሁ። ዛሬ ከአልጋ መነሣት ስላቃተው ሰው ማን ይናገር? እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት እሠራለሁ፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የጎን ቁስል እንዳይወጣበት ሰው ማገላበጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ማታ የተወለደ ሕፃን ለዚህ ሥራ የሚደርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ጃፓን ከ2000 ጀምሮ ሰው ሁሉ ከ40 ዓመቱ አንሥቶ የሚከፍልበት የአረጋውያን እንክብካቤ መድን አላት፤ ያስቀናኛል። መድኑ ገንዘቡን ይሰጣል፣ እጁን ግን ከየት ያመጣዋል? በ2019 የጀመረው የሠራተኛ ቪዛ የመጀመሪያ ደረጃው አምስት ዓመት ነው፤ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችም ይዞ መግባት አይፈቀድም። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለችን ሴት አምጥቶ «እናታችንን አስታሚ፣ አንቺ ግን እዚህ ቤተሰብ አይኑርሽ» ማለት ልጅ አነሰን ከሚል አገር የማልጠብቀው ነው።

የሥነ ሕዝብ ተማሪ፦ አንድ ስሌት ልጨምር። የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉት ሴቶች ራሳቸው በየዓመቱ እያነሱ ነው። ነገ መጠኑ ከፍ ቢል እንኳ የሚወለዱት ሕፃናት ለብዙ ዓመታት መቀነሳቸው አይቀርም። ሕዝቡ በ2008 ገደማ 128 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ወደዚያ የሚመልሰው መንገድ አይታየኝም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች፣ ሐኪም ቤቶችና ባቡሮች ለትንሽ ሕዝብ እንዴት ይደራጁ የሚለውም ጥያቄ ነው። ባዶ ቤቶቹ በ2023 ዘጠኝ ሚሊዮን ደርሰዋል።

አቅራቢ፦ ናጎያ፣ የትዳሩን ነገር አላሰብሁበትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። በሩ ይከፈት ያልሁትንም አስታማሚዋ አርማኛለች፤ ቤተሰብ የማያስገባ በር ከሆነ ክፍት አይባልም።

መምህር ከደሴ፦ ቪዛው ላይ ከእኅታችን ጋር ነኝ፤ ሰው ከእነቤተሰቡ ይግባ። ናጊን ግን አልለቅም፤ አረጋውያን ሕፃን የሚጠብቁበት ከተማ በየትም አገር ይጠቅማል። ይህን ስል ደግሞ አዲስ አበባን አስባለሁ። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠኗ 1.8 ነበር፤ ራስን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 በታች ማለት ነው። የቤት ኪራይ ፈርቶ ሰርጉን የሚያዘገይ ወጣት እዚያም አውቃለሁ።

ናጎያ ነዋሪ፦ ያ የፋብሪካ ባልደረባዬ ባለፈው ወር ቋሚ ለመሆን ፈተና ተቀምጧል። ውጤቱን እየጠበቀ ነው።