የደመወዝ ወለል ቢወሰን ማን ይቀጠራል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደንግጓል፤ መጠኑን ግን ራሱ አልወሰነም። ይህ ዝቅተኛ መጠን፣ ማለትም የደመወዝ ወለሉ፣ ቢወሰን የድሬዳዋ ሙያ የሌለው ሠራተኛ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? (ተከራካሪዎቹ በከተማዋ ሰፈሮቻቸው ስም ተጠርተዋል።)

ከሳቢያን፦ ክርክራችን ሁልጊዜ «ሥራ ይቀንሳል፣ አይቀንስም» ላይ መቆሙ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካዋ ግዛት ኒው ጀርሲ ወለሉን ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ፣ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የፈጣን ምግብ ቤቶቿን ከጎረቤቷ ከፔንሲልቬኒያ ጋር አነጻጽረው የሠራተኛ ቅነሳ አላገኙም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሳይቀንስ ተቀጣሪዎቹ ሊለወጡ ይችላሉ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ክር የምትቆርጥና ጨርቅ የምታቀብል ረዳት ደመወዟ ማሽኑን ከምታሠራው ኦፕሬተር በብዙ ስለሚያንስ ትቀጠራለች። ወለሉ ልዩነቱን ካጠበበው ግን አሠሪው ከቴክኒክና ሙያ የወጣች፣ ክሩንም ቆርጣ የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋውን የኦቨርሎክ ማሽንም የምትይዝ ልጅ ይመርጣል፤ ከድሬዳዋ ገጠር ከቢዮ አዋሌ የመጣችው፣ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው ደግሞ በር ላይ ትቀራለች። የሥራ ቦታ ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ጉዳት ጨርሶ አያየውም።

ከገንደ ቆሬ፦ ወንድሜ፣ ስጋትዎን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ያቺ ልጅ ዛሬስ የት ደረሰች? የሚከፈላት ለቤት ኪራይና ለምግብ ስለማይበቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ትለቃለች፣ አሠሪውም ሌላ ጀማሪ ሲያለማምድ ይኖራል። ማሽኑን የምትለምደው አጠገቡ ስትቆይ ነው፤ የሚያቆያት ደመወዝ ብታገኝ ረዳት ሆና አትቀርም ነበር። እርስዎ ሙያን ሰው ከመቀጠሩ በፊት ይዞት የሚመጣ ነገር ብቻ አድርገው ማየትዎ አልተዋጠልኝም።

ከመጋላ፦ የጫኝና አውራጁም ነገር አይዘንጋ። ቦርዱ የሚያወጣው ወለል አሸዋ በሚባለው የከተማችን ገበያ በቃል ተስማምቶ ለሚውል የቀን ሠራተኛ በተግባር አይደርሰውም። ከፋብሪካ የቀረው ሁሉ ወደዚያ ሲመጣ ግን የቀን ሒሳቡ ይወርዳል።

ከሳቢያን፦ የገንደ ቆሬዋ እህቴ ያነሱትን እቀበላለሁ፤ ለዚህም ነው ለጀማሪ በወራት የተገደበ፣ ከወለሉ ጥቂት ዝቅ ያለ የመግቢያ ደመወዝ የምደግፈው።

ከገንደ ቆሬ፦ በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ከዚያ የሚያልፍ የመግቢያ ደመወዝ ከተፈቀደ፣ ጊዜው ሲያበቃ ጀማሪዋን አሰናብቶ በምትኳ ሌላ ጀማሪ መቅጠርን የሚከለክል ድንጋጌ አብሮ እስካልገባ ድረስ አልስማማም።