ለሙዚቃ ሥራ ወደ ትልቅ ከተማ መዛወር፦ ከመወሰኔ በፊት ምን ምን ልመዝን?

ሜጀር ሰባት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ለሌሎች ድምፃውያን አቀናብራለሁ፣ የራሴንም ዘፈኖች እዘፍናለሁ። ያለሁባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ባንድ የሚያሠሩ ቤቶች በጣት ይቆጠራሉ። የቅንብር ሥራ ግን ከሩቅም ይመጣልኛል። አንዱ «ትልቅ ከተማ ካልገባሽ በሙዚቃ አትኖሪም» ይለኛል፤ ሌላው «ኢንተርኔት እያለ ምን አስጨነቀሽ» ይላል። ሁለቱም በጅምላ ስለሚናገሩ የምይዘው አጣሁ። ሥራውን የምታውቁ እርዱኝ፦ ምኑን ከምኑ ልመዝን? የስንት ወር ወጪ ይዤ ልሂድ? ሰው ሄዶ የሚሰናከለውስ በአብዛኛው በምንድን ነው?

ቤዝ መስመር

እህቴ፣ የዘረዘርሻቸው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ከተማ የሚያስፈልጋቸውም በተለያየ መጠን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛውን ሥራ ይዘሽ እንደምትሄጂ ለይ።

ያለፉትን 12 ወራት ገቢ ወረቀት ላይ አውጪና እያንዳንዱን ክፍያ በሦስት መድቢው፦ በአካል በመገኘትሽ የመጣ፣ በፋይል ልውውጥ የመጣ፣ የትም ብትሆኚ የሚመጣ (ከስትሪሚንግና ከዜማ መብት የሚገኘው)። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደምረው ከግማሽ ካለፉ፣ መዛወሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጨምርልሽ ወጪ ብቻ ነው። ያኔ ለመሄድ ሌላ ምክንያት ሊኖርሽ ይገባል። ለምሳሌ ከአንቺ የሚበልጡ ተጫዋቾች አጠገብ መገኘት። ይሄኛው በእኔ ሚዛን ከሁሉም ይከብዳል። በየሳምንቱ ከሚበልጡሽ ጋር ስትጫወቺ ጆሮሽም ጊዜ አጠባበቅሽም ይለወጣል፤ ይሄን ደግሞ ብቻሽን ቤት ዘግተሽ አታገኚውም።

አጃቢነት ግን ሙሉ በሙሉ የቦታ ሥራ ነው። ኪቦርዲስቱ የቀረበት የባንድ መሪ የሚደውለው በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ ለሚችል ሰው ነው። ሆኖም ከተማ መግባት ብቻውን አይበቃም። ሞታውን የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ዋና ሥራውን ከዲትሮይት ወደ ሎስ አንጀለስ ሲያዛውር፣ ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት የቤቱ አጃቢዎች ቋሚ ሥራቸውን አጡ። ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን ተከትሎ ሄደ፤ የዲትሮይቱን ዓይነት ቦታ ግን እዚያ አላገኘም። የዚያን ያህል ችሎታ ያለው ሰው እንኳ አጠገቡ የነበረው ስብስብ ሲበተን ተቸግሯል። በሌላ በኩል ማስል ሾልስ የሚባለውን፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ያለውን የትንንሽ ከተሞች አካባቢ ተመልከቺ፤ አሪታ ፍራንክሊን በ1967፣ ሮሊንግ ስቶንስ በ1969 እዚያ ድረስ ሄደው የቀዱት ሌላ ቦታ የማይገኝ ድምፅ ስላለ ነው። ድምፁን የፈጠሩት አብረው ብዙ የሠሩ የአገሩ አጃቢዎች ናቸው። ባለሽበት እንዲህ የተግባባ ቡድን ካለሽ በቀላሉ አትተይው።

የራስሽን ዘፈን በተመለከተ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ሰሚዎችሽን በከተማ ከፍለው ያሳዩሻል። ልትሄጂበት ያሰብሽው ከተማ ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው? ከሆነ ጥሩ፤ ግን ቁጥሩን በጥንቃቄ አንብቢው። በሞባይል ዳታ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ትራፊኩ በሚያልፍበት የኔትወርክ ማዕከል ስለሆነ፣ ትልልቅ ከተሞች ካላቸው በላይ ሰሚ ያላቸው መስለው ይታያሉ። ማረጋገጫው እዚያ ሄዶ አንድ ትንሽ መድረክ ላይ መዝፈንና ከፍሎ የገባውን ሰው መቁጠር ነው።

ሪትም ክፍል

የመድረኩን ነገር ልጨምር፤ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ከመዛወርሽ በፊት ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሄደሽ ተቀመጪ፤ በዓልና የሠርግ ወቅት ባልሆነበት ጊዜ ይሁን። በደራ ወቅት ሁሉም ባንድ ሰው ስለሚያጥረው ከተማው በሥራ የተሞላ ይመስልሻል። አሥር ቤት አንዳንድ ጊዜ ከማየት ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ቤት መርጠሽ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ሂጂ። ሰው ፊትሽን የሚለምደው በሦስተኛው ጊዜ ነው። የባንድ መሪውን ለማናገር ትክክለኛው ሰዓት ሥራው አልቆ ዕቃ ሲጠቀለል ነው። ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ላይ አታናግሪው፤ ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ጥሪ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በምትክነት ነው የሚመጣው፦ ለአንድ ማታ፣ ያለ ልምምድ። ስለዚህ ዝግጅትሽ ለዚያ ይሁን። የአንድ ማታ ሥራ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ የሆነ ሦስት ዙር ነው፤ በዙር 10 ወይም 12 ዘፈን ብትይ ከ30 እስከ 36 ይሆናል። ባንዱ የሚጫወተውን ሁሉ ስለማታውቂ በቃልሽ 60 ያህል ያዢ። ዘፈኑን በኦሪጅናል ቁልፉ ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ድምፃዊው «ግማሽ ቶን አውርጂልኝ» ሲልሽ ትራንስፖዝ ማብሪያው (የዘፈኑን ቁልፍ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ላይ ካልተንጠለጠልሽ ነው የምትታመኚው። ብዙ ኪቦርዲስት ትራንስፖዙን መመለስ ረስቶ ቀጣዩን ዘፈን በተሳሳተ ቁልፍ ይጀምራል። ሰው ደግሞ ይሄን አይረሳም።

ድምፆችሽን (ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ብራስ፣ ስትሪንግ) በዘፈን ቅደም ተከተል አስቀምጫቸውና የድምፅ ከፍታቸውን አስቀድመሽ አመጣጥኚ። ኦርጋኑ ከፒያኖው ሁለት እጥፍ ጮሆ ሲወጣ ሳውንድማኑ ዝቅ ያደርግሻል፤ ማታውን ሙሉ እንደዚያው ትቀሪያለሽ። ሁለት ትርፍ የጃክ ኬብል፣ የራስሽ ሰስቴን ፔዳል፣ የራስሽ የጆሮ ሞኒተር፣ ከተቻለም ስቴሪዮ ዳይሬክት ቦክስ (ኪቦርዱን ከድምፅ ማደባለቂያው ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ከቦርሳሽ አይጥፉ። ዳይሬክት ቦክሱ ላይ «ግራውንድ ሊፍት» የሚል ማብሪያ አለ፤ ከሁለት የተለያየ የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን «እምም» የሚል ድምፅ የሚያጠፋው እሱ ነው። በምንም ተዓምር የሶኬቱን የመሬት ሽቦ ቆርጠሽ ለማጥፋት አትሞክሪ፤ ሰው ይገድላል።

የመኖሪያ ቤት ምርጫ ላይ የምሰጥሽ አንድ ምክር፦ ኪራይ ስለረከሰ ከተማው ዳር አትግቢ። ሥራ የሚያልቀው የሕዝብ ትራንስፖርት ከቆመ በኋላ ስለሆነ በየማታው ኮንትራት ታክሲ ከከፈልሽ የኪራዩ ልዩነት በወር ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። የቀን ሥራም ከያዝሽ ሰዓቱን እዪ። ሳውንድ ቼክ ከዝግጅቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ስለሚሆን፣ ከሰዓት በኋላ የማይለቅ ሥራ መድረኩን ይዘጋብሻል። ማለዳ ገብቶ ቀትር ላይ የሚለቅ ፈረቃ ይሻላል፤ ማስተማርም እንዲሁ።

ኮንትራት አንባቢ

ስለ ገንዘቡ። የስድስት ወር ቋሚ ወጪ፣ ከዚያ ውጪ የቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ ከዚያም ውጪ የማይነካ የመመለሻና የዕቃ ጥገና ገንዘብ ያዢ። ስሌቱን ስትሠሪ የሙዚቃ ገቢሽን ዜሮ አድርጊው። ከፋይል ሥራ የምታገኚው ካለ፣ አስቀድሞ የተፈረመበትን ብቻ ቁጠሪ።

ቀጥሎ የወር ወጪሽን ከአንድ መድረክ በኋላ እጅሽ ላይ ለሚቀረው ክፍያ አካፍይ። እጅሽ ላይ የሚቀረው ማለት ትራንስፖርት፣ ምግብና የልምምድ ቤት ድርሻ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ለምሳሌ ክፍያው 100 ሆኖ እነዚህ 35 ከወሰዱ፣ የምታካፍዪው ለ65 ነው። ውጤቱ በወር ከ12 መድረክ በላይ ካለ ዕቅዱ ከተማው ውስጥ ገና ለገባ ሰው አይሠራም፤ ወይ ወጪው ይቀንስ፣ ወይ ሌላ ገቢ ይጨመር። በበር ገቢ ድርሻ የሚከፍል ቤት ሲያጋጥምሽ ደግሞ ድርሻው ወጪ ከመነሳቱ በፊት ይሁን በኋላ ጠይቂ። «በኋላ» ከሆነ ወጪው ምን ምን እንደሆነ ተጽፎ ይሰጥሽ፤ ያለዚያ ሰው ሞልቶም ባዶ እጅሽን ልትወጪ ትችያለሽ።

አዲስ የገባ ሙዚቀኛ ቶሎ የሚፈርመው ሦስት ዓይነት ወረቀት አለ፤ ሦስቱም ላይ አትቸኩዪ። አንደኛው የቤት ባንድ ውል ነው። «ሌላ ቦታ አትጫወቺም» የሚል ከሆነ ክልከላው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አካባቢ እንደሆነ ይወሰን፤ በወር ቢያንስ ስንት ማታ እንደሚያሠራሽም ይጻፍ። ማታ ሳይሰጥሽ የሚከለክልሽ ውል ሥራ አጥ አድርጎ ያስርሻል። ሁለተኛው የማናጀር ውል ነው። የተለመደው ድርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ከጠቅላላው ገቢ ነው ወይስ ከወጪ በኋላ የሚለው ነው፣ ውሉ ካበቃ በኋላስ እስከ መቼ ይወስዳል? ሦስተኛው አንቺን በተለይ የሚመለከት ነው፦ ቅንብር። አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ አንዱ የግጥምና ዜማው፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ ወይም ማስተሩ። አቀናባሪ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሸኛል። ዜማው ላይ አዲስ መስመር ከጨመርሽ ግን የድርሻ ወረቀት እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ያን ዕለት ይፈረም፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ የሁሉም ሙሉ ስም፣ ድምሩ 100 የሚሆን በመቶኛ፣ ቀንና ፊርማ። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ይሄን ጥያቄ ማንሳት ወዳጅነት ያፈርሳል።

ሜጀር ሰባት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ረድታችሁኛል። ገቢዬን እንደተባለው ብመድበው ትልቁ ክፍል የፋይል ሥራ ነው የሚሆነው። እንግዲህ ብሄድ ያንን ሥራ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መቀጠል አለብኝ ማለት ነው። ይቻላል? እዚህ አብረውኝ ከሚጫወቱት ልጆች ጋርስ በኢንተርኔት አብሮ መለማመድ ይሆናል?

ማስተር ፌደር

ማቀናበር ይቻላል፤ ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃድ) ላይ ግን ተጠንቀቂ። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ 57 ኸርትዝ አካባቢ ያለው ቤዝ ግድግዳው አጠገብ ይገነፍላል፤ መሀል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ርዝመትና ወርዱ እኩል ሲሆን ችግሩ ተደራርቦ ይብሳል። መሀል ተቀምጠሽ የሚጎድልሽን ቤዝ ስትጨምሪ ሌላ ቦታ ሲሰማ ያጓራል። ክፍል ስትመርጪ እኩል ያልሆነውን ውሰጂ፤ ጠረጴዛሽን ከአጭሩ ግድግዳ ፊት አድርጊ፤ ቤዙን በጀርባው ክፍት በሆነ ሄድፎን አረጋግጪ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ነጸብራቅ ይቀንሳል እንጂ ድምፅ ወደ ጎረቤት ከመሄድ አያግድም። ባለ ክብደት ቁልፍ ኪቦርድ ደግሞ በሄድፎን ስትጫወቺም ጣትሽ የሚመታው ድው ድው በማቆሚያው በኩል ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል፤ ከእግሩ ሥር ወፍራም ጎማ አንጥፊ። ድምፃዊ ለመቅዳት ስቱዲዮ በሰዓት ተከራዪ፤ ክፍልሽን ለዚያ ለማዘጋጀት የምታወጪው አያዋጣም።

አብሮ መለማመዱ በድምፁ መዘግየት ይወሰናል። ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ25 ወይም 30 ሚሊሰከንድ በላይ ከፈጀ ተጫዋቾች እየተጠባበቁ ቴምፖው ይጎተታል። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በ1 ሚሊሰከንድ ወደ 200 ኪሎሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ርቀቱ ብቻውን ብዙ አይበላም። የሚበላው በየመንገዱ ያለው የኔትወርክ መተላለፊያና የድምፅ ካርዱ በፈር (ድምፁ ከማለፉ በፊት ለአፍታ የሚጠራቀምበት) ነው። በፈሩን 128 ሳምፕል፣ 48 ኪሎኸርትዝ ካደረግሽ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ 1024 ካደረግሽ ከ21 ያልፋል። ጃሙለስ ወይም ሶኖበስ የሚባሉትን በኢንተርኔት አብሮ መጫወቻ ፕሮግራሞች በኬብል ኢንተርኔት ሞክሪ። በዋይፋይ ከሆነ ድምፁ ይቆራረጣል፤ መዘግየቱ ስለሚዋዥቅ ነው። በቪዲዮ ጥሪ ፕሮግራም ግን አትድከሚ፤ ለንግግር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አንዱ ሲጫወት ሌላውን ዝም ያሰኛል።

ፋይል ስትልኪ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርትዝ ዋቭ ይሁን። ሁሉም ትራክ ከአንድ ዜሮ ነጥብ ይጀምር፤ ቴምፖው በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ፤ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። 30 ሞኖ ትራክ ያለው የ4 ደቂቃ ዘፈን ወደ 1 ጊጋባይት ይመጣል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚሰቅል (አፕሎድ በሚያደርግ) መስመር ይሄ 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ1 ሜጋቢት ከሆነ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ። ክፍሉን ከመከራየትሽ በፊት እዚያው ሆነሽ፣ ማታ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ሰዓት፣ የመስቀያ ፍጥነቱን ለኪው። አከራይ ብዙ ጊዜ የሚነግርሽ የማውረጃውን ነው።