ውሻና ድመት ላለበት ሳሎን፦ ላሚኔት፣ ሴራሚክ ወይስ ፒቪሲ?

የሐይቅዳሯ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ አካባቢ፣ ሳሎን እያስጨረስን ነው፤ 4 በ5 ሜትር፣ ወለሉ ለጊዜው ሊሾ። 25 ኪሎ የምትመዝን ውሻና ሁለት ድመቶች አሉን። ወለሉ ላሚኔት ይሁን፣ ሴራሚክ ወይስ ፒቪሲ (የሚለጠፍ የፕላስቲክ ንጣፍ)? ሶፋ ሠሪው ደግሞ ከፋይ ወይም ሌዘር ምረጡ ብሎናል። ድመቶቹ ጨርቅ ይቧጥጣሉ፤ አንደኛዋ አልፎ አልፎ ምንጣፍ ላይ ትሸናለች። እባካችሁ ከነምክንያቱ ንገሩኝ።

ፉጋ_ልኬት
እህቴ፣ ላሚኔቱን ከአሁኑ ተዪው። ሆዱ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ሽንት በመጋጠሚያው ሲሰርግ ጠርዙ አብጦ ይነሣል፣ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ፒቪሲ ሽንት አይመጥም፤ ነገር ግን ሊሾው ከሥር እርጥበት ካለው ማጣበቂያው ይለቃል። ለመሞከር ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ወፍራም ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግተሽ አራቱንም ዳር በፕላስተር አሽጊና አንድ ቀን አቆዪው። ከሥሩ ጠብታ ካየሽ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ፒቪሲ አታስለጥፊ።

የኔ ምርጫ ፖርስሊን፣ ማለትም ጥብቅ የሆነው የሴራሚክ ዓይነት ነው፤ ውሃ የሚመጠው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። የሚያብረቀርቀውን ግን አትግዢ፤ ውሻዋ ትንሸራተትበታለች፣ ለዳሌዋም ጥሩ አይደለም። ገጹ ያልተወለወለ፣ አር10 (R10፣ የአለማንሸራተት ደረጃ) የሚል ፈልጊ። በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 56 ፍሬ ይገባል፤ ለቁራጭና ለስብራት 10 በመቶ ጨምረሽ 62 ያዢ።

ሽታ የሚቀረው ሴራሚኩ ላይ ሳይሆን ፉጋው (በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ክፍተት መሙያ) ውስጥ ነው። ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ለሳሎንሽ 3 ኪሎ ገደማ ፉጋ ይበቃል። የኤፖክሲ (ሙጫ መሰል) ፉጋ ቢወደድም እሱ ይሻላል። የሲሚንቶ ከሆነ በደንብ ሲደርቅ ሲለር (ፈሳሽ እንዳይሰርግ የሚቀባ መድፈኛ) ይቀባ። ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው) ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በሲሊኮን አስዘጊ። ብዙ ሠራተኛ ይዘለዋል፤ ሽንት ሾልኮ የሚገባው ግን በዚያ ነው።

ሶፋ_አልባሽ
ከፋይ ውሰጂ፣ አጭር ጸጉር ያለውንና ጥብቅ የሆነውን። ድመት ጥፍሯን የምትሰካው ቀለበት ያለው ክር ላይ ነው፤ የከፋይ ጸጉር የተቆረጠ ስለሆነ የሚይዝላት ነገር የለም። ገበያ ላይ ሌዘር የሚባለው አብዛኛው በጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው፤ አንዴ ከተቧጠጠ ከዚያው ጀምሮ ይላጣል።

ሠሪውን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ የትራሱ ልብስ ሁሉ በዚፕ እንዲወልቅ፣ ከልብሱ ሥር ስፖንጁ ውሃ በማያስገባ ሽፋን እንዲጠቀለል፣ እግሩ ከ12 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ። መጥረጊያ ከሥሩ ካልገባ ጸጉሩ እዚያው ይከማቻል።

መቧጠጫም ይሠራላቸው፤ ሐዋሳ ደግሞ የእንሰት ቃጫ አገር ነው። ውፍረቱ 10፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት ላይ 8 ሚሊ ሜትር የቃጫ ገመድ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ ብትጠመጥሚ 34 ሜትር ገደማ ይፈጃል። በእንጨት ኮላ ይያዝ፣ ጫፍና ጫፉ በምስማር። መሠረቱ 50 በ50 ይሁን፤ ከተወላወለ ድመት አትጠጋውም። ከሶፋው አጠገብ አስቀምጪው፤ ጥግ ላይ ከተጣለ አይጠቅምም።

የእንስሳት_ጤና
የምትሸናዋን ድመት አስቀድመሽ ሐኪም ይያት፤ የፊኛ ሕመም ካለባት ወለል መቀየር አይፈታውም። የአሸዋ ሣጥኑም በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ነው፤ ለእናንተ ሦስት፣ በተለያየ ቦታ።

ሽንት ላይ በረኪና በፍጹም አታፍስሱ። ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተገናኝቶ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ጨርቅ ላይ ከሆነ በደረቅ ፎጣ ተጭናችሁ ምጠጡት፣ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ኤንዛይም ያለው ማጽጃ አድርጋችሁ እስኪደርቅ ተዉት። ኤንዛይም ካጣችሁ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ለእኩል። የሽንቱ ዩሪክ አሲድ በተራ ሳሙና ስለማይለቅ አየሩ ሲረጥብ ሽታው ይመለሳል፤ ክረምት ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ለቁንጫ ብላችሁ ሶፋውን የምትረጩት መድኃኒት ፐርሜትሪን እንዳይኖረው አጥብቃችሁ አንብቡ። ውሻ ይችለዋል፤ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣል፣ ሊገድልም ይችላል።

የሐይቅዳሯ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትርፍ እብነ በረድ አለን፤ የእንስሳቱ ምግብ የሚቀመጥበት ጥግ ላይ ቢነጠፍስ?

ፉጋ_ልኬት
እዚያ አይሁን። እብነ በረድ ፈሳሽ ይመጥጣል፣ አሲድም ይበላዋል፤ አሁን የተባለው ኮምጣጤ ራሱ ውልውሉን አጥፍቶ ነጭ ጠባሳ ይተውበታል። ለመስኮት ደፍ አውዪው፣ ጥግ ላይ ያው ፖርስሊን ይቀጥል።