ዲ 2 ሮለር ኢንሰርቴን ጨረሰው፣ ምን ላድርግ?

ጠባሴ ቶርኖ
ሰላም ባለሙያዎች። ደብረ ብርሃን ትንሽ ቶርኖ ቤት አለችን። ሰሞኑን የቆርቆሮ ማሽን ሮለር መጣልን። ብረቱ ዲ 2 የሚባለው የመሣሪያ ብረት ነው፣ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ 60 ነው ብለውኛል። እውነታቸውን ነው መሰለኝ፣ ሞረድ ሳሳርፍበት ተንሸራቶ ይሄዳል እንጂ አይነክስም። ዲያሜትሩ 120 ሚሊ፣ የሚነሳለት 0.4 ሚሊ ብቻ። ሁልጊዜ በምሠራበት የካርባይድ ኢንሰርት (ተቀያሪው መቁረጫ) በደቂቃ 500 ዙር ላይ ገባሁበት። ግማሽ ሳልደርስ ጫፉ ጠቁሮ ተበላ። አዞርኩት፣ ያው። አራቱም ጫፍ በአንድ ጠዋት አለቀ! ስለካው ደግሞ መጨረሻው ከመጀመሪያው 8 መቶኛ ሚሊ ወፍሯል። መሞረጃ ማሽን የለንም። ሲቢኤን (ከካርባይድ የሚጠነክረውን መቁረጫ) ግዛ የሚሉኝ አሉ፣ ዋጋውን ስሰማ መቀመጫ ነው የፈለግኩት።

የአንኮበሩ
ወንድሜ 500 ዙር በ120 ሚሊ እኮ በደቂቃ 188 ሜትር ነው። ላልጠነከረ ብረት ይሆናል፣ ለዚህ ግን እሳት ማንደድ ነው። የኢንሰርቱን ፓኮ እየው፣ ሰማያዊ ፒ ካለበት ለተራ ብረት ነው። ለጠንካራ የሚሆነው ግራጫ ኤች ያለበት ነው። ካርባይድ ይሁን ካልክ ወደ 80 ዙር ውረድ፣ በአንዴ 0.1 ብቻ አንሳ። መወፈሩ ደግሞ ጫፉ እየተበላ ወደ ኋላ ስለሸሸ ነው፣ ማሽኑን አትማ።

ሮቢት ማሽን
ዲ 2 ላይ ጥንካሬው ብቻ አይደለም ችግሩ። 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ሁለቱ ተጣምረው የሚፈጥሩት ቅንጣት ጫፉን እንደ አሸዋ ይፈጨዋል። ሲቢኤን የሚችለው ለዚህ ነው። አልማዝ ይበልጠዋል እንዳትል፣ አልማዝ በሙቀት ከብረት ጋር ስለሚዋሃድ ቶሎ ያልቃል። በሲቢኤን 320 ዙር አካባቢ ጀምር፣ ፊድ (በአንድ ዙር መቁረጫው የሚጓዘው) 0.1 ሚሊ፣ ያለ ውሃ። ፍቅፋቂው ቀልቶ ቢወጣ አትደንግጥ፣ ሙቀቱን ይዞልህ እየሄደ ነው። የጋለ ጫፍ ላይ ግን ውሃ ጠብ ጠብ ካደረግክ ይሰነጠቃል። ጫፉን በጥፍርህ ስትነካው ስለት የሌለው ይመስላል፣ ሆን ተብሎ ነው ጠርዙ በትንሹ የተቆረጠው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተበላሽቶ የመጣ መስሎኝ ልመልሰው ነበር።

የድሮ ቶርኖ ባለቤት
ሲቢኤን ሲቢኤን ከማለታችሁ በፊት ማሽኑን ጠይቁ እንጂ! እኔ ገዝቼ የቁልፍ ቦይ ያለው ዘንግ ላይ አሰርኩት፣ ቦዩ ጋ ሲደርስ ጠቅ አለና የኢንሰርቱ ማዕዘን ላይ የተበየደችው የሲቢኤን ቁራጭ ተሸረፈች። ለሚቆራረጥ ሥራ ሲቢኤኑ የበዛበት ዓይነት ነው የሚመከረው፣ የእኔ ላልተቆራረጠ ነበር፣ ሻጩም አልነገረኝ እኔም አልጠየቅኩ። ያንተ ሮለር ቦዩ በውስጠኛው ቀዳዳ በኩል ከሆነ ግድ የለም። ግን ስላይዱ (መቁረጫውን ይዞ የሚንሸራተተው ክፍል) ልቅ ከሆነ፣ መያዣው ረዝሞ ከወጣ፣ የሥራውን ሌላኛ ጫፍ በቴልስቶክ ካልደገፍከው ውዱም ርካሹም እኩል ይሰበራል። የጫፉም ክብነት 0.8 ከሆነ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከተንቀጠቀጠብህ 0.4 ሞክር።

ጠባሴ ቶርኖ
እግዜር ይስጥልኝ። ስላይዱን አጠበቅኩ፣ መያዣውን አሳጠርኩ። ግራጫውን ካርባይድ ከመርካቶ አስመጣሁና በ80 ዙር ሄድኩበት፣ አንድ ጫፍ ለአንድ ጉዞ ብቻ። ቀኑን ፈጀ፣ ግን ልዩነቱ አሁን 1 መቶኛ ሚሊ ነው። ሲቢኤን ለቀጣዮቹ ሦስት ሮለሮች አዝዣለሁ፣ ደንበኛው ግማሹን ከከፈለ። አንዷ ነገር ብቻ፣ የመጨረሻው ላይ መብራት ሄደብኝ። ጫፉ ብረቱ ውስጥ እንዳለ ቆመና ተሸረፈ። መሃሉ ላይ ቀጭን ቀለበት ቀርታለች፣ ፀሐይ ላይ ካላዞሩት አትታይም።