ለዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ርካሽ የአየር ማቀዝቀዣ፦ ኮምቦልቻ ላይ ያዋጣል?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራበት ዴስክቶፕ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ያለው ሲሆን፣ ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ካርቶን የመጣው ሬይዝ ስቴልዝ ነው። ጠዋት ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ሙቀት 29 ዲግሪ ሲደርስ ግን ረጅም ቪዲዮ ሬንደር ባደረግሁ (ያቀናበርሁትን ወደ መጨረሻ ፋይል በቀየርሁ) ቁጥር ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ይነካና ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የፋኑም ጩኸት ከደንበኛ ጋር አያነጋግርም። ደሴ ያለ አንድ ሻጭ ዲፕኩል ኤኬ400 አለኝ ብሎኛል፤ ሙቀት የሚያስተላልፉ አራት የመዳብ ቱቦዎችና ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው ሲሆን፣ እስከ 220 ዋት ይችላል ተብሎለታል። ይህን ቁጥር ልመነው? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊትስ በምን ልመዝነው?

መልስ (ከደሴ ፒያሳ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ)

አብሽር ወንድሜ፣ ዕቃህ አልተበላሸም። 90 ዲግሪ አምራቹ ለዚህ ፕሮሰሰር የወሰነው ከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ፣ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ራሱን ለመጠበቅ ነው። 220 ዋት የሚለውን ግን መመዘኛ አታድርገው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ለክቶ የሚጽፈው በመሆኑ የሁለት ፋብሪካ ማቀዝቀዣዎችን እንኳ በእሱ ማወዳደር አይቻልም። ያንተ ፕሮሰሰር በስሙ የ65 ዋት ሲሆን፣ በሙሉ ጭነት ከፋብሪካ እንደወጣ እስከ 76 ዋት ድረስ ይወስዳል። አራት ቱቦ ያለው ማማ መሰል ማቀዝቀዣ ይህን ያለ ጭንቀት ይሸከማል።

ከመግዛትህ በፊት የአሁኑን በብሩሽ አጽዳና ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀይር። በአሉሚኒየሙ ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት በአቧራ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሲዘጋ ፋኑ ቢጮህም አየር አያልፍም፤ ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይድናሉ። አንድ ነገር አደራ፦ ማቀዝቀዣውን ከማንሣትህ በፊት ኮምፒውተሩን ጥቂት አሠርተህ አሙቀው፣ ከዚያ አጥፍተህ ገመዱን ንቀል፤ ብሎኖቹን ከፈታህ በኋላ ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞርክ አላቅቀው እንጂ ቀጥ አድርገህ አትሳበው። ኤኤም4 በሚባለው የፕሮሰሰርህ መቀመጫ (ሶኬት) ላይ ፔስቱ ከደረቀ ፕሮሰሰሩን ይዞት ይወጣል፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን እግሮችም ይጣመማሉ።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ የፊዚክስ መምህር)

የባለሙያውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሆኖም አለካኩ ላይ የምጨምረው አለ። መመዘን ያለበት ፕሮሰሰሩ የደረሰበት ዲግሪ ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ ሙቀት ጋር ያለው ልዩነት ነው። አንተ ዘንድ 90 ሲቀነስ 29፣ ልዩነቱ 61 ዲግሪ ነው፤ ፍጥነቱ ባይቀንስ ኖሮ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ነበር። ደሴ ላይ 18 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው «የእኔ 79 ነው» ቢልህ፣ የእርሱም ልዩነት 61 ነውና ማቀዝቀዣው ከአንተ አይሻልም።

በተጨማሪም ብዙዎቹ የምናያቸው ግምገማዎች የሚሠሩት ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየራችን ሳስቶ ይገኛል፤ በኮምቦልቻ ከአንድ ስድስተኛ፣ በደሴ ከአንድ አምስተኛ የማያንስ እፍጋት ይጎድለዋል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚወስደውም ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በግምገማ ላይ «ለጥቂት በቃ» የተባለ ማቀዝቀዣ እኛ ዘንድ ላይበቃ ይችላል። ለፕሮሰሰርህ ከሚያስፈልገው ሰፋ ያለ መግዛትህን የምደግፈውም ለዚሁ ነው።

መልስ (ከደሴ፣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ እኔ መጀመሪያ ያለ ወጪ የሚሞከረውን ብታይ እመርጣለሁ። በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባለውን ኃይል ቆጣቢ ቅንብር ከፍተህ ፕሮሰሰሩን ወደ 45 ዋት ብታወርደው ሙቀቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ሬንደሩ የሚዘገየው ደግሞ ብዙ አይደለም። ሥራህ በሰዓት የሚቆጠር ከሆነ ግን ማቀዝቀዣውን ግዛ፤ ጸጥታው ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። በሁሉም ፊት ቁመቱን አረጋግጥ፤ ኤኬ400 ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ስለሆነ ጠበብ ያሉ ኬዞች (የኮምፒውተር ሣጥኖች) አይዘጉበትም።

ጠያቂው

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። አጽድቼ ፔስቱን ቀየርኩ፤ በዚያው ክፍልና በዚያው ቪዲዮ አሁን 84 ላይ ቆሟል፤ ጩኸቱ ግን ብዙም አልቀነሰም። ከፕሮሰሰሩ የላይኛው ገጽ እስከ ኬዙ የጎን ክዳን ስለካ 152 ሚሊሜትር ሆነ።

መልስ (ከደሴ ፒያሳ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ)

እንግዲያው ኤኬ400 በ3 ሚሊሜትር ይበልጣልና ተወው። ቴርማልራይት አሳሲን ኤክስ 120 ሪፋይንድ ኤስኢ ካገኘህ አራት ቱቦ ያለው ሆኖ ቁመቱ 148 ሚሊሜትር ስለሆነ ይገባልሃል። ስትገዛ የኤኤም4 ማሰሪያው በካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ከፍተህ እይ፤ ያገለገለ ከሆነ ያለ ማሰሪያው አትቀበል። የታችኛው ገጽ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ሳትልጥ እንዳትገጥመው፤ ፋኑም ወደ ኬዙ ኋላ እንዲነፍስ አድርገህ እሰረው። ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ ከሰዓት በኋላ ሬንደር አድርገህ የክፍሉንም የፕሮሰሰሩንም ዲግሪ ጻፍልን።