የጀርመን መኮንን ኮፍያ 380 ዩሮ ተጠየቅኩ፤ የእውነት የጦርነቱ ዘመን ነው?

ላይፕዚጉ (ጠያቂ)
ሰላም ጤና ለሁላችሁ። የቆዩ የወታደር ኮፍያዎች መሰብሰብ ከጀመርኩ ገና ነው። እሁድ ገበያ ላይ አንድ ሻጭ የመኮንን ኮፍያ አሳየኝና "የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ የእግረኛ ጦር መኮንን" ብሎ 380 ዩሮ ጠራ። ግራጫ ነው፣ ነጭ ቀጭን ጠርዝ ዞሮታል፣ ከጥላው (ከፊት ለፊቱ የግንባር መከለያ) በላይ የተጠማዘዘ ብርማ ገመድ አለው። ፊቱ ላይ በቅጠል የተከበበ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ክብ ምልክት አለ። ከሱ በላይ መኖር የነበረበት ስዋስቲካ (የናዚ ምልክት) የያዘ ንስር ግን የለም። ለምን ስለው "ከጦርነቱ በኋላ ስዋስቲካ ሲከለከል ነቅለውት ነው" አለኝ። ወሬው ያስኬዳል፣ ግን 380 ዩሮ ቀልድ አይደለም። እስከሚቀጥለው እሁድ አስቀምጥልሃለሁ ብሎኛል። ምን ምን ልይ?

አሮጌ ዕቃ
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ያዝ። ብርማው ገመድ መኮንን መሆኑን ይነግርሃል እንጂ ዘመኑን አይነግርህም። በቬርማኽት (በናዚ ዘመን የጀርመን ጦር) ጊዜ ተራ ወታደርና የበታች ሹም ጥቁር ቆዳ ነበር ጥላው ላይ የሚያስረው፣ መኮንኑ ብርማ ገመድ፣ ጄኔራሉ ወርቃማ። የምሥራቅ ጀርመን ጦርም ለመኮንኖቹና ለጄኔራሎቹ ይህንኑ ልማድ ነው ያስቀጠለው። ነጭ ጠርዝም እንደዚያው። በቬርማኽት ነጭ የእግረኛ ጦር ነው፣ መድፈኛ ቀይ፣ ታንከኛ ሮዝ፣ ፈረሰኛ ወርቃማ ቢጫ። በምሥራቅ ጀርመን ምድር ጦር ደግሞ ነጭ ጠርዝ በየቦታው ነው።

ስለዚህ መታጠቂያውን እየው፣ ማለቴ ምልክቱ የተሰካበትን ሰፊ ጨርቅ። የቬርማኽት ምድር ጦር ከሆነ ጥቁር አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ጥቁር ግራጫ ከሆነ የሚሸትህ ነገር ዲዲአር (ምሥራቅ ጀርመን) ነው።

ንስሩ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ቀዳዳው ግን አይነቀልም። ንስሩ ብረት ከሆነ ከኋላው እግር ነበረው፣ በጨርቁ አልፎ ውስጥ ይታጠፋል። በእጅ የተጠለፈ ከሆነ ደግሞ የመርፌ ዱካ ይቀራል፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅም ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ ይለያል። ገበሩን ቀስ ብለህ ገለጥ አድርግና ከውስጥ እየው። የምሥራቅ ጀርመን ምድር ጦር ኮፍያ ከላይ ንስር ኖሮት አያውቅም፣ ምልክቱ መታጠቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው። የነሱ ክብ ምልክት ግን መዶሻና ኮምፓስ (ክብ መሳያው) ያለበት ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ ነበር። እሱን አውልቆ የጦርነቱን ቅጂ መሰካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ላይፕዚጉ (ጠያቂ)
ባነሳሁት ፎቶ ላይ መታጠቂያው ጥቁር ግራጫ ይመስላል፣ ብርሃኑ ግን ጥሩ አልነበረም። ውስጡ ቢጫ ላስቲክ የመሰለ ነገር ተሰፍቶበታል፣ ከሥሩ "ኤሬል" የሚል ጽሑፍ አለ። ይሄ ነው ያሳሳተኝ።

አሮጌ ዕቃ
ኤሬል ትክክለኛ ስም ነው፣ የበርሊኑ የሮበርት ሉብሽታይን ቤት ምርት። ታዋቂ ስለሆነ ነው ሐሰተኛም የሚበዛበት። ጽሑፍ ማተም ቀላል ነው። ስሙን ሳይሆን ስፌቱን እመን። ትንሽ የዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) የእጅ ባትሪ ግዛና ጨለማ ቦታ ላይ በገበሩ፣ በክሩና በጨርቁ አብራ። ነጭ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ክር ካለ፣ የኋላ ዘመን ሰው ሠራሽ ክር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጨርቁ በዛሬ ሳሙና ታጥቦ ቢሆንም ሊያበራ ስለሚችል ይሄን ብቻውን ማስረጃ አታድርገው። በእሳት ልፈትን የሚል ሰው ካጋጠመህ ግን ሩጥ።

የበርሊኗ
እኔ ሕጉን ልጨምር። ጀርመን ውስጥ ስዋስቲካ በአደባባይ ማሳየትና ማሰራጨት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ የተከለከለ ነው፣ እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም የገንዘብ ቅጣት አለው። ለታሪክ ትምህርትና ለምርምር የተለየ መንገድ ተፈቅዷል። ቤትህ ውስጥ መያዝ ብቻውን አይደለም ችግሩ። ችግሩ ኦንላይን ፎቶ ስትለጥፍ፣ መስኮት ላይ ስታሳይ፣ ሸቀጥ አድርገህ ስትዘረጋ ነው። ገበያ ላይ ሻጮች ምልክቱን በወረቀት ሸፍነው የምታያቸው ለዚህ ነው። ኦስትሪያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ትጠነክራለች፣ ወደዚያ ይዘህ እንዳትሻገር።

ሐይፋ
ይቅርታ፣ ነገሩን ላበላሽ ሳይሆን ልጠይቅ። እኔ እስራኤል ነው የምኖረው። የዚያ ጦር ኮፍያ መደርደሪያዬ ላይ ቢኖር ጎረቤቶቼን ፊት ማየት ያሳፍረኛል። ለምን ይሄን መሰብሰብ ፈለግህ?

ላይፕዚጉ (ጠያቂ)
እህቴ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የምወደው የኮፍያ ሥራውን ነው፣ ስፌቱን፣ የጠርዝ ቀለሙን። የዚያ ዘመን ምልክት ሳይኖርበት ብገዛ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ጋሽ ድሬስደን
ልጄ፣ እንግዲያውስ የዲዲአሩን ሰብስብ! ያ ጦር 1956 ተመሥርቶ 1990 ሲፈርስ መጋዘኑ ወደ ገበያ ነው የፈሰሰው፣ ኮፍያው እስከ ዛሬ አያልቅም። ሐሰተኛ መሥራት እንኳ አያዋጣም። ቀለሙን ብትማር ደስ ይላል፣ የድንበር ጠባቂ አረንጓዴ ጠርዝ ነው፣ አየር ኃይሉ ሰማያዊ። ለእኛም ቅርብ ታሪክ ነው። የዲዲአሩ መሪ ሆኔከር በ1979 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፣ የካርል ማርክስ ሐውልትም የዲዲአር ስጦታ ነው። ለዚያ ሻጭ ግን ከ50 ዩሮ በላይ ብትከፍለው ተቀይሜሃለሁ።

ላይፕዚጉ (ጠያቂ)
ዛሬ ሄጄ በቀን ብርሃን አየሁት። መታጠቂያው ጥቁር ግራጫ ነው። ገበሩን ገለጥ አድርጌ አየሁ፣ ከላይ አንድም ቀዳዳ የለም። ምልክቱ ሥር ደግሞ ሌላ እግር የገባበት የቆየ ቀዳዳ አለ። ይህን ሳሳየው ሰውዬው "እኔም ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት" ብሎ ዋጋውን አወረደ። በ45 ዩሮ ወሰድኩት። ገመዱ ጥቁር ብሏል፣ በብር ማጽጃ ልወልውለው?

የበርሊኗ
በፍጹም! ማጽጃው ክሩ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ አይወጣም። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ውስጡን አሲድ በሌለው ለስላሳ ወረቀት ሙላው፣ ከጥላው ይዘህ አታንሳው፣ ከመስኮት አርቀህ አስቀምጠው። ብል የሚፈራው ጽዳትን ነው፣ በየጊዜው አውጥተህ እየው።

አሮጌ ዕቃ
ያን የጦርነቱን ቅጂ ምልክት አውልቀህ የራሱን መዶሻና ኮምፓስ ፈልግለት። ከኮፍያው ለብቻው የሚሸጥ ሞልቷል፣ ሲሰካ ግን አዲስ ቀዳዳ አትብሳ፣ እግሮቹን በድሮው ቀዳዳ አስገባ።