የተቃጠለውን የጮቄ ተዳፋት ምን ብናደርገው ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከስናን፦
ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መጋቢት ከመንደራችን በላይ ባለው የጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ እሳት ተነሥቶ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦና የጓሳውን ሣር በላው፤ ሕዝቡ በለምለም ቅርንጫፍ እየመታና አፈር እየበተነ በስንት መከራ አጠፋው። ከሽማግሌዎቻችን ገሚሱ ባሕር ዛፍ እንትከልበት፣ ገሚሱም ለገብስ እንረሰው ይላሉ፤ እኔ ግን ክረምት ሲገባ ጎርፉ የታችኛውን ማሳ ጠርጎ እንዳይወስድብን እሰጋለሁ። የምታውቁ ብትመክሩን።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሁሉ በፊት መሬቱን ማረሻ እንዳይነካው አደራ እላለሁ። አስታ ላዩ ቢነድም ሥሩ በቀላሉ አይሞትም፤ ከጉቶው ግርጌ አመዱን ጠርገው ቅርፊቱን በጥፍርዎ ቢልጡትና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቢያገኙት፣ ያ ጉቶ ዝናብ ሲያገኝ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል። ጓሳውም ከሥሩ ያንሰራራል። የሚያሳዝነኝ ጅብራው ነው፤ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ስለሆነ፣ ሳያብብ የነደደው ዘር ሳይተው ቀርቷል፤ ስለዚህ የተረፉትን ማንም እንዳይቆርጣቸው። ባሕር ዛፉን ግን ተዉት፤ ውሃ ይሻማል፣ ቅጠሉም ዘይታም በመሆኑ ለሚቀጥለው እሳት ማገዶ ይሆናል። የሙጋና የጨሞጋ ወንዞችም ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸውና ጉዳቱ በእናንተ መንደር አይወሰንም።

መልስ፣ ከቢቡኝ፦
ምክሩ ትክክል ነው፤ የሚከብደው የከብቱ ነገር ነው። ከእሳት በኋላ የሚበቅለው ሣር ለስላሳ ስለሆነ ከብቱ ወደዚያው ይሮጣል፣ ለጋውን የአስታ ቀንበጥም እየጋጠና እየረገጠ ያስቀረዋል። መንደሩ ተሰብስቦ ቦታውን ይከልክል፤ ሣሩ ሲደርስ ግን እያጨዱ መውሰድ ይፈቀድ፤ ያለዚያ መኖ ያጣ ሰው ክልከላውን በሌሊትም ቢሆን ይጥሰዋል፣ አልፈርድበትምም። ስለ መጪው በጋም ከወዲሁ ተነጋገሩ። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ነበር፤ እንዲህ ያለው እርዳታ እስኪደርስ ግን እሳቱን የሚጋፈጠው የአካባቢው ገበሬ ነው።

መልስ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፦
ስለ ጎርፉ የሰጉት በእውነት ነው። እሳት ክፉኛ የነካው አፈር ለጊዜው ውሃ አላስገባ ሊል ይችላል፤ አመዱን ገለጥ አድርገው ጥቂት ውሃ ጠብ ቢያደርጉበትና ጠብታው ሳይሰርግ ድቡልቡል ብሎ ቢቆይ፣ በዚያ ቦታ ዝናቡ ላይ ላዩን ይወርዳል ማለት ነው። የወደቁትን የአስታ ግንዶች ለማገዶ ከመልቀም ይልቅ ተዳፋቱን አግድም አጋድሟቸው፣ ውሃ እንዳያሾልኩም በሥራቸው ያለውን ክፍተት በአፈር ድፈኑት። ቦረቦሩ ላይ ከላይ ጀምራችሁ ዝቅ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ክትሮችን ሥሩ፤ አንድ ትልቅ ክትር ብቻ ከሆነ ጎርፉ ሲሰብረው ድንጋዩንም ጭምር ይዞ ማሳችሁ ላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በደቦ ግንቦት ሳያልቅ መጠናቀቅ አለበት። የመጠጥ ምንጫችሁ ከተቃጠለው በታች ከሆነም ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አመድ ቀላቅሎ ከደፈረሰም እስኪጠራ ድረስ ከሌላ ምንጭ ቅዱ።